አንድ የዕረፍት ቀን፣ አንድ ከተማ
ወደ ጃፓን ጥንታውያን መቅደሶች ለሚሄዱ አንባቢዎች የተሰጠ መልስ

ከሰሜን ሸዋ ለስልጠና፣ ለትምህርትና ለውድድር ወደ ጃፓን የሚሄዱ አንባቢዎች የላኳቸውን ጥያቄዎች በዚህ ዓምድ ሰብስበናል። ዓመተ ምሕረቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ወሩና ሰዓቱ ግን በሀገራችን አቆጣጠር ተጽፏል። የመግቢያና የባቡር ዋጋ በየጊዜው ስለሚጨምር ከጻፍነው ትንሽ አትርፋችሁ ያዙ።

ጥያቄ፦ ለካይዘን ስልጠና ሁለት ሳምንት ኦሳካ እቆያለሁ። ነፃ የምሆነው አንድ እሑድ ብቻ ነው። ኪዮቶን፣ ናራንና ሂሜጂን በአንድ ቀን አዳርሶ መመለስ ይቻላል የሚሉኝ አሉ። ምን ትመክሩኛላችሁ?
ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ ባቡሩ ሦስቱም ጋ ያደርስዎታል፤ ቀኑ ግን አይበቃዎትም። አብዛኞቹ መቅደሶች ከቀኑ 10፡30 እስከ 11 ሰዓት ባለው ጊዜ ይዘጋሉ። ትኬት መሸጥ የሚያቆሙት ደግሞ ከዚያ ግማሽ ሰዓት ቀድመው ነው። ሦስት ከተማ የሚያሳድድ ሰው ዕለቱን የሚጨርሰው ጣቢያ ለጣቢያ ደረጃ ሲወጣና ሲወርድ ነው። ናራን ይምረጡ። ከ710 እስከ 784 የጃፓን ዋና ከተማ ነበረች፤ ታላላቆቹ መቅደሶቿም በአንድ ሰፊ መናፈሻ ዙሪያ ስላሉ ሁሉንም በእግር ያዳርሷቸዋል።

ከኦሳካ ናምባ ጣቢያ ኪንቴትሱ የተባለውን ድርጅት ባቡር ይያዙ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። በአንድ ሐዲድ ላይ ፍጥነታቸውም ክፍያቸውም የተለያየ ባቡሮች ይመጣሉ። «ካይሶኩ ኪዩኮ» የሚባለው 40 ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል፣ ዋጋው 700 የን ገደማ ነው፣ ሌላ ተጨማሪ የለውም። «ቶክዩ» የሚባለው ግን ከመደበኛው ትኬት በላይ የመቀመጫ ትኬት ይጠይቃል። የባቡር ካርድዎ የጣቢያውን በር ስለከፈተልዎት የከፈሉ ይመስልዎታል፤ ውስጥ ተቆጣጣሪው መጥቶ ልዩነቱን ያስከፍልዎታል። መውረጃዎ «ኪንቴትሱ ናራ» ነው። «ጄአር ናራ» የሚባለው የሌላ የባቡር ድርጅት፣ የጄአር፣ ጣቢያ ሲሆን ከመናፈሻው ሩብ ሰዓት ያህል የእግር መንገድ ይርቃል።

ከናምባ ከንጋቱ 12፡45 ላይ ቢነሱ 2 ሰዓት ሳይሞላ ቶዳይጂ በተባለው የቡድሃ ገዳም በር ላይ ይሆናሉ። የታላቁ ቡድሃ አዳራሽ ከመጋቢት መጨረሻ ሳምንት እስከ ጥቅምት 20 ገደማ ባሉት ወራት ከጠዋቱ 1፡30፣ በብርዱ ወራት 2 ሰዓት ላይ ይከፈታል፤ መግቢያው 800 የን ነው። ከ3 ሰዓት በኋላ የትምህርት ቤት አውቶቡሶች ስለሚደርሱ በማለዳ ያገኙትን ጸጥታ መልሰው አያገኙትም።

ወደ አዳራሹ ሳይቸኩሉ በደቡቡ ትልቅ በር፣ በናንዳይሞን ሥር ይቁሙ። ግራና ቀኝ የቆሙት ሁለቱ የእንጨት ዘበኞች ከ8 ሜትር በላይ ይረዝማሉ። ኡንኬይና ካይኬይ የተባሉት ቀራፂዎች ከረዳቶቻቸው ጋር በ1203 በ69 ቀን ውስጥ ጨርሰዋቸዋል። አንዱ አፉን ከፍቷል፣ ሌላው ገጥሟል። በሌሎች በሮች ያሉት ዘበኞች ወደ መንገደኛው ሲያዩ፣ እነዚህ ፊት ለፊት እርስ በርስ ይተያያሉ። ሽቦው ከቅርብ ስለሚጋርዳቸው ጥቂት ራቅ ብለው፣ ከበሩ መሐል አንገትዎን ቀና አድርገው ይመልከቷቸው።

ውስጥ ያለው የነሐስ ቡድሃ 15 ሜትር ያህል ቁመት አለው፤ የተመረቀው በ752 ነው። አዳራሹ በ1180 እና በ1567 በጦርነት ተቃጥሏል። አሁን የሚያዩት በ1709 የተጠናቀቀው ሲሆን ከመጀመሪያው በአንድ ሦስተኛ ያህል ጠቧል። ሐውልቱም ራሱ የአንድ ዘመን ሥራ አይደለም። ጭንቅላቱ በ17ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ገደማ እንደገና የተሠራ ነው። ከሥሩ ባለው የሎተስ አበባ መቀመጫ ላይ ግን ከ8ኛው መቶ ዘመን የተረፉ ቅጠሎች አሉ፤ በቀጭን መስመር የተቀረጹባቸውን ሥዕሎች ጠጋ ብለው ይፈልጉ። ጎብኚው ሁሉ ወደ ላይ እያየ የሚያልፈው ትልቁ ሀብት ይህ ነው።

ከአዳራሹ በስተምሥራቅ ደረጃውን ወጥተው ኒጋትሱዶ የተባለው አዳራሽ በረንዳ ላይ ይድረሱ። አይከፈልበትም፤ ከተማዋን ከላይ ያሳያል። በየዓመቱ ከየካቲት 22 እስከ መጋቢት 5 ገደማ ማታ ማታ በዚህ በረንዳ ላይ የገዳሙ አገልጋዮች ግዙፍ ችቦ ይዘው ይሮጣሉ። ሥርዓቱ ከ752 ጀምሮ አንድም ዓመት ሳይቋረጥ እየተፈጸመ ነው። ደመራ ሲለኮስ ላደገ ሰው በዚያ ሰሞን መገኘት ትልቅ ዕድል ነው።

ከዚያ በኮረብታው ግርጌ ወደ ደቡብ ሲሄዱ በ768 የተመሠረተውን ካሱጋ ታይሻን፣ የሺንቶ (የጃፓን ነባር እምነት) መቅደስ፣ ያገኛሉ። በግቢውና በመንገዱ ዳር 3 ሺህ ያህል የድንጋይና የነሐስ ፋኖሶች አሉ። በዚህ መንገድ ላይ አጋዘኖቹ ይከቡዎታል። በመናፈሻው ከ1 ሺህ በላይ ናቸው፤ እንደ ቅዱስ ስለሚቆጠሩ አይነኩም። ለእነሱ የተዘጋጀውን ብስኩት በ200 የን ይገዛሉ፤ ዳቦም ሆነ ሌላ ምግብ መስጠት ክልክል ነው። ሲሰጡ ቶሎ ይስጡ። ብስኩቱን ከፍ አድርጎ ማሳየትና ማጓጓት ነው የሚያስነክሰው። ሲያልቅ ሁለቱን መዳፍዎን ዘርግተው ባዶ መሆኑን ያሳዩአቸው፤ ትተውዎት ይሄዳሉ። ካርታዎን፣ ትኬትዎንና ፌስታልዎን ኪስዎ ወይም ቦርሳዎ ውስጥ ይክተቱ። ወረቀት ይነጥቃሉ፤ የዋጡት ፌስታል ደግሞ ይገድላቸዋል። መናፈሻው ውስጥ የቆሻሻ መጣያ እምብዛም የማያገኙትም ለዚህ ነው፤ ቆሻሻዎን ይዘው ይመለሱ።

ከምሳ በኋላ ኮፉኩጂ ገዳም ይግቡ። ባለ አምስት ፎቁ ማማ ለብዙ ዓመታት በሚቆይ ጥገና ተሸፍኗልና እሱን ብለው አይሂዱ፤ የቅርስ ማሳያ አዳራሹ ግን ክፍት ነው። በ734 የተሠራው ሦስት ፊትና ስድስት እጅ ያለው የአሹራ ሐውልት እዚያ ነው ያለው። የእንጨት ሥራ የሚወድ ሰው ከሆኑ ግን ኮፉኩጂን ትተው ከጄአር ናራ በ12 ደቂቃ ባቡር ሆሪዩጂ ይሂዱ፤ ከጣቢያው 20 ደቂቃ በእግር ነው። በ607 የተመሠረተ ገዳም ነው፤ በዓለም ላይ ከቆሙት የእንጨት ሕንፃዎች ሁሉ ጥንታውያኑ እዚያ ናቸው። በብርዱ ወራት 10፡30 ላይ ስለሚዘጋ ከ8 ሰዓት በፊት ከናራ ካልተነሱ ይተዉት።

ጥያቄ፦ እኔ በዲቁና የማገለግል ነኝ። ከዩኒቨርሲቲ ጓደኞቼ ጋር ጃፓን እሄዳለሁ። መቅደሶቹን ለታሪካቸው ማየት እፈልጋለሁ፤ ነገር ግን ስገባ ስገድ፣ አጨብጭብ የሚለኝ ይኖር ይሆን? የቡድሃውንና የሺንቶውንስ በምን እለየዋለሁ?
ከአንኮበር

መልስ፦ ወንድማችን ዲያቆን፣ ማንም አያስገድድዎትም። በየቀኑ ከሚገባው ሕዝብ ብዙው ጎብኚ ነው፤ ዝም ብሎ አይቶ የሚወጣ ሰው ነውረኛ አይባልም። ከእርስዎ የሚጠበቀው የሚጸልየውን ሰው መንገድ አለመዝጋት፣ ባርኔጣ ማውለቅና ድምፅ ዝቅ ማድረግ ነው። ጓደኞችዎ ወደ ምጽዋት ሣጥኑ ሲቀርቡ እርስዎ ከጎን ቢቆሙ የሚታዘብዎት የለም። ከዚህ ያለፈውን ከንስሐ አባትዎ ጋር ይነጋገሩበት።

ልዩነቱ ከበሩ ይጀምራል። ሁለት ቋሚና ሁለት አግዳሚ ብቻ ያለው፣ መዝጊያ የሌለው በር «ቶሪ» ይባላል፤ ከቶሪ ወዲያ ያለው የሺንቶ መቅደስ ነው። ጣሪያ ያለው ትልቅ በር፣ ዕጣን የሚጤስበት ጋን፣ የመቃብር ስፍራ ካዩ የቡድሃ ገዳም ነው። ስሙም ይነግርዎታል፦ መጨረሻው «ጂ»፣ «ዴራ» ወይም «ኢን» ከሆነ የቡድሃ፣ «ጂንጃ»፣ «ጂንጉ» ወይም «ታይሻ» ከሆነ የሺንቶ ነው። አንዳንድ ገዳም ውስጥ ትንሽ ቶሪ ቢያዩ አይደነቁ፤ ሁለቱ ለብዙ መቶ ዓመታት አብረው ኖረው በመንግሥት ትእዛዝ የተለያዩት በ1868 ነው። በሺንቶው ዘንድ አማኞቹ ሁለት ጊዜ ጎንበስ ይላሉ፣ ሁለት ጊዜ ያጨበጭባሉ፣ በመጨረሻ አንድ ጊዜ ጎንበስ ይላሉ። በቡድሃው ገዳም ጭብጨባ የለም፤ እጅ ገጥመው ዝም ይላሉ። ወደ ሺንቶው መቅደስ የሚወስደው መንገድ መሐሉ ለአምላካቸው የተተወ ስለሆነ በዳር በዳሩ ይሂዱ።

ከበሩ አጠገብ ውኃ የሚፈስበት የድንጋይ ገንዳና የቀርከሃ ጭልፋ ያገኛሉ። የእኛ ሰው ጸበል ይመስለውና ሊጠጣው ይቃጣዋል። የእጅና የአፍ መታጠቢያ ነው፤ አይጠጣም። ሥርዓቱ በአንድ ጭልፋ ውኃ ይጠናቀቃል፦ በቀኝ ይዘው ግራ እጅን፣ ወደ ግራ አዛውረው ቀኙን ያጥባሉ። ከዚያ በግራ መዳፍ ጥቂት አቁረው ይጉመጠመጣሉ፣ ከገንዳው ውጭ ይተፋሉ። በመጨረሻ ጭልፋውን ቀጥ አድርገው ያቆሙትና የቀረው ውኃ እጀታውን አጥቦ ይወርዳል። ጭልፋውን ከንፈር ማስነካት፣ የታጠቡበትን ውኃ መልሶ ገንዳው ውስጥ ማፍሰስ ያስቀይማል። ጭልፋው ተነሥቶ ውኃው በቀጭን ቧንቧ ብቻ የሚወርድባቸውም ቦታዎች አሉ።

ስለ ጫማ፦ እኛ ቤተ ክርስቲያን ስንገባ እናወልቃለን፤ እዚያ ግን ግቢውን በጫማ ይሄዱና የሚያወልቁት ከፍ ያለው የእንጨት ወለል የሚጀምርበት ቦታ ላይ ነው። ስሕተቱ መሬት ላይ አውልቆ በካልሲ መሬቱን ረግጦ መውጣት ነው፤ አቧራውን ይዘውት ይገባሉ። ወለሉ ጠርዝ ላይ ቁጭ ይበሉና አንዱን እግር ካወጡ በኋላ ቀጥታ ወለሉ ላይ ያሳርፉት፤ ሌላውንም እንዲሁ። ጫማውን ወደ መደርደሪያ ይክተቱ ወይም ጫፉን ወደ ውጭ አዙረው ያስቀምጡ። የበሩን ደፍ አይርገጡ፣ ይሻገሩት። በአንድ ቀን አምስት ስድስት ጊዜ ስለሚያወልቁ ማሰሪያ የሌለው ጫማና ወፍራም፣ ያልተቀደደ ካልሲ ያስፈልግዎታል። በታኅሣሥና በጥር ያ ወለል እንደ ደብረ ብርሃን የማለዳ ውርጭ ነው። አዳራሽ ውስጥ ፎቶ ማንሳት አብዛኛውን ጊዜ ክልክል ነው፤ ምልክቱን ካላዩም ካሜራውን ከማውጣትዎ በፊት ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ ልጄ ኪዮቶ ትማራለች፤ የነቢያትን ጾም አትሽርም። በዕረፍት ቀኗ መቅደስ ልታይ ስትወጣ ምን ትብላ? ቋንጣና በሶ ልልክላት አስቤ ነበር።
ከሸዋ ሮቢት

መልስ፦ እናታችን፣ ቋንጣውን ይተዉት። ሥጋና የሥጋ ውጤት ያለ እንስሳት ጤና ምስክር ወረቀት ጃፓን አይገባም፤ ተገኝቶ ይወሰዳል፣ ቅጣትም ሊያስከትል ይችላል። ጾሙ ከኅዳር 15 እስከ ገና ስለሆነ የኪዮቶ ዛፎች ከሚቀሉበት ሰሞን ጋር ይገጥማል። ልጅዎ የምትወጣው በዓመቱ እጅግ ውብ በሆነው ጊዜ ነው፤ ሰልፉም የዚያኑ ያህል ረጅም ነው።

የቡድሃ ገዳማት ራሳቸው የጾም ምግብ ልማድ አላቸው። ምግቡ «ሾጂን ርዮሪ» ይባላል። ሥጋ፣ ዓሣና እንቁላል የለበትም፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርትም አይገባበትም። ቶፉ (ከአኩሪ አተር የሚሠራ አይብ መሰል ምግብ)፣ ሰሊጥ፣ አትክልትና ሩዝ ነው። በአራሺያማ የሚገኘው የተንርዩጂ ገዳም «ሺጌትሱ» በሚባለው ምግብ ቤቱ ለምሳ ያቀርበዋል፤ ወደ 4 ሺህ የን ትያዝ፣ የግቢው መግቢያም ለብቻው ነው። አንድ ነገር ግን አስቀድማ ትወቅ። የምሳ ሰዓት የሚያበቃው 8 ሰዓት ላይ ነው። እስከ 9 ሰዓት የምትጾም ከሆነ ስትደርስ ወጥ ቤቱ ተዘግቷል፤ አብዛኛው ምግብ ቤት ደግሞ እስከ 11 ሰዓት መልሶ አይከፍትም። በዚያ ቀን ስንቅ ይዛ መውጣት ይሻላታል።

ትልቁ ወጥመድ «ዳሺ» ነው። ይህ ብዙውን ጊዜ ከደረቀ ዓሣ የሚወጣ መረቅ ነው፤ በዓይን አይታይም፣ በሁሉም ነገር ውስጥ ግን አለ። የሚሶ ሾርባ፣ የኑድል መረቅ፣ ለቶፉ የሚቀርበው ማጥቀሻ ሁሉ በዳሺ ይሠራል። በተጠበሰ ቶፉ የተጠቀለለው «ኢናሪዙሺ» የጾም ይመስላል፤ ቶፉው ግን ብዙውን ጊዜ በዳሺ የበሰለ ነው። ዳቦውም ወተትና ቅቤ አያጣውም። ሰላም የሚሰጣት «ሺዮ ሙሱቢ»፣ ማለትም ጨው ብቻ ያለበት የሩዝ ጥቅል፣ እንዲሁም በብርዱ ወራት ሱፐርማርኬት በር ላይ ተጠብሶ የሚሸጠው ስኳር ድንች «ያኪ ኢሞ» ነው። ትኩስ ነው፣ ያጠግባል፣ ምንም አልተቀላቀለበትም። ምግብ ቤት ስትገባ እንዲህ ትበል፦ «ኒኩ፣ ሳካና፣ ታማጎ፣ ግዩኒዩ ዋ ታቤማሴን። ዳሺ ሞ ዳሜ ዴስ።» ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላል፣ ወተት አልበላም፤ ዳሺም አይሆንልኝም ማለት ነው። ዳሺን ለይታ ካልጠቀሰች «ዓሣ የለውም» ብለው በቅንነት በዓሣ መረቅ የተሠራውን ያቀርቡላታል።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ኪዮቶ ውስጥ አንድ ቀን ነበረው። ፉሺሚ ኢናሪ ሊወርድ ሲል ባቡሩ ሳይቆም አለፈው፣ ኪዮሚዙዴራ ሲደርስ ተዘግቶ ጠበቀው። በቅርቡ እኔም እሄዳለሁ፤ እንዴት ላድርግ?
ከመሐል ሜዳ

መልስ፦ ወንድምዎ የተሳፈሩት «ካይሶኩ» የተባለውን ፈጣን ባቡር ይመስላል። በጄአር የናራ መስመር ኢናሪ ጣቢያ የሚቆመው «ፉትሱ» (በየጣቢያው የሚቆመው ባቡር) ብቻ ነው፤ ከኪዮቶ ሁለተኛው ፌርማታ፣ 5 ደቂቃ፣ 150 የን። የሁለተኛው ጥፋት ምክንያት ደግሞ ቅደም ተከተሉ ነው። ፉሺሚ ኢናሪ፣ ተራራ ላይ የሚወጣው የሺንቶ መቅደስ፣ ሌት ተቀን ክፍት ነው፣ አይከፈልበትም። ስለዚህ ቀድሞ የሚዘጋውን አስቀድመው ይዩ፤ እሱን ለመጨረሻ ያቆዩት።

ኪዮሚዙዴራ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ይከፈታል። ከሸለቆው 13 ሜትር ከፍ ብሎ በእንጨት ምሰሶ ላይ የቆመውን ሰገነት በዚያ ሰዓት ያለ ግፊያ ያገኙታል። በድንጋይ ደረጃው ወደ ያሳካ መቅደስ ይውረዱ። ከዚያ ከጊዮን ሺጆ ጣቢያ በኬይሃን ባቡር ሺቺጆ ወርደው ሳንጁሳንገንዶን ይዩ፤ በ1266 እንደገና በተሠራው 120 ሜትር ርዝመት ባለው አዳራሽ 1001 የካኖን (በቡድሃ እምነት የርኅራኄ ምልክት የሆነችው) ሐውልቶች ተሰልፈዋል። በዚያው መስመር ይቀጥሉና ፉሺሚ ኢናሪ ይውረዱ፤ እዚህም «ቶክዩ» አይቆምም።

ኢናሪ ተራራ 233 ሜትር ብቻ ነው፤ ዙሪያውን ለመጨረስ ግን 2 ሰዓት ከዚያም በላይ ይፈጃል። ግፊያው የመጀመሪያው 20 ደቂቃ ላይ ነው፤ ጸንቶ የወጣ ሰው መንገዱን ለብቻው ያገኛል። ሲወጡ ቀይ ምሰሶዎች ብቻ ናቸው የሚታዩት። ሲመለሱ በየቶሪው ጀርባ የሰጪው ሰው ወይም ድርጅት ስምና ቀኑ በጥቁር ተጽፎ ያያሉ።

ስለ አውቶቡስ፦ የቆዩ መመሪያዎች የሚመክሩት የከተማ አውቶቡስ ብቻ የቀን ትኬት ከ2023 ጀምሮ አይሸጥም። አሁን ያለው ምድር ባቡሩንም የሚጨምር የ1,100 የን ትኬት ነው።

ስለ ሰዓትም አንድ ነገር እንጨምር። ጃፓን ከእኛ በ6 ሰዓት ትቀድማለች፤ የእኛም አቆጣጠር ከዓለም አቀፉ በ6 ሰዓት ይለያል። ስለዚህ በሀገራችን አቆጣጠር የተሞላ የእጅ ሰዓትዎን ሳይነኩት ይሂዱ፤ ጃፓኖች የሚያነቡትን ሰዓት በትክክል ያሳይዎታል (በዚህ ዓምድ ንጋት 12 ሰዓት ያልነው እዚያ 6 ሰዓት ነው)። ሰሌዳው ላይ 14፡07 ካለ 12 ይቀንሱ፤ የእጅ ሰዓትዎ 2፡07 ሲል ባቡሩ ይነሣል። ስልክዎ ግን ራሱን ስለሚያስተካክል ከእሱ ላይ ደግመው 6 እንዳይቀንሱ።

ጥያቄ፦ ናሪታ አየር ማረፊያ ስምንት ሰዓት ያህል እቆያለሁ። የትኛውን ማየት እችላለሁ?
ከደብረ ሲና

መልስ፦ መጀመሪያ ቪዛ፤ ለኢትዮጵያ ፓስፖርት የጃፓን ቪዛ ያስፈልጋል። ካለዎት ቶኪዮ አይሂዱ። በባቡር 10 ደቂቃ ያህል ሄደው ናሪታ ከተማ ይውረዱና በአሮጌው የገበያ መንገድ ሩብ ሰዓት በእግር ተጉዘው በ940 የተመሠረተውን የናሪታሳን ሺንሾጂ ገዳም ይዩ። መግቢያው ነፃ ነው። ሻንጣዎን አየር ማረፊያው ማስቀመጫ ውስጥ ይተዉ፤ ከበረራው 3 ሰዓት ቀድመው ይመለሱ።

ጥያቄ፦ ሯጭ ነኝ፤ ለውድድር ቶኪዮ እሄዳለሁ። ከውድድሩ ማግስት እግሬ ስለሚዝል ሩቅ መሄድ አልችልም። መቅደስም፣ አበበ ቢቂላ ያሸነፈበትንም ቦታ ማየት እፈልጋለሁ።
ከደነባ

መልስ፦ ሁለቱ ተቀራርበዋል። ሜጂ ጂንጉ በ1920 የተሠራ የሺንቶ መቅደስ ነው። ዋናው ሕንፃ በ1945 በአየር ድብደባ ተቃጥሎ በ1958 እንደገና ተሠርቷል። ዙሪያው 70 ሄክታር ደን ሲሆን ከመላ ጃፓን በስጦታ የመጡ 100 ሺህ ያህል ዛፎች ተተክለውበታል። መንገዱ ደልዳላ ጠጠር ነው፤ ለዛለ እግር ይስማማል። ከሐራጁኩ ጣቢያ ይገባሉ።

ሲጨርሱ ከሐራጁኩ አንድ ፌርማታ ወደ ዮዮጊ፣ እዚያ ባቡር ቀይረው አንድ ፌርማታ ወደ ሰንዳጋያ ይሂዱ። ብሔራዊ ስታዲየሙ በጂንጉው የውጭ መናፈሻ ውስጥ ነው። የሰሜን ሸዋው ልጅ ሻምበል አበበ ቢቂላ በ1964 የኦሊምፒክ ማራቶንን ለሁለተኛ ጊዜ ያሸነፈው፣ 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11.2 ሰከንድ የገባው፣ እዚሁ ስፍራ ላይ ነበር። የዚያን ጊዜው ስታዲየም በ2015 ፈርሶ አሁን ያለው በ2019 ተጠናቋል። ጂንጉው ፀሐይ ስትወጣ ተከፍቶ ስትጠልቅ ስለሚዘጋ ከእሱ ይጀምሩ፤ የስታዲየሙን ዙሪያ ማታም መዞር ይቻላል።